ከሁለታችሁ የትኛውን ልመን?

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ሚካኤልን ከእናቴ ጋር ላነግሥ ዓባይን ተሻገርሁ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመበት ጊዜ ስለ ነበር ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ደጀን አድሬ ብቸና ገባሁ። የእናቴ ቤት ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ጤፉ ለአጨዳ ደርሶ ቢጫ ሆኗል።

ታቦቱ ገብቶ ሰዉ ከወይራው ሥር ዳቦና ጠላ ሲቀማምስ የእናቴ ጎረቤት የሆኑ አንዲት እናት ወደ እኔ መጡ። ልጅ ሳለሁ እንጀራ ሲጋግሩ ለእኔ ብለው እንጎቻ የሚጥሉልኝ ሴት ናቸው። አቅፈው ሳሙኝና ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣

«እሰይ! በዓይኔ አየሁህ። በስልክ ስሰማህ ነው የከረምሁት» አሉኝ።

«ጤናዎ እንዴት ነው እማማ?»

«አንተን ከሰማሁ ወዲህማ ደኅና ነኝ። ያን ኪኒን ተውሁት እኮ! ዓመት አለፈኝ። ማታ ማታ ጭንቅላቴን ይወቅረኛል እንጂ ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ከስንት ጣጣ ነው ያወጣኸኝ።»

«የቱን ኪኒን?»

«የግፊቱን ነዋ።»

የያዝሁት ዳቦ እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ በፊት በአገልግሎት ዘመኔ ብዙ ሰው አመስግኖኛል፤ ምስጋና እንዲህ ጉሮሮዬን ሲይዘኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ከወይራው ግንድ ሥር አስቀመጥኋቸውና ማስረዳት ጀመርሁ። በሲራክ መጽሐፍ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው እንደሚል፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው ጌታ እንደ ሆነና ልባም ሰው እንደማይንቀው ነገርኋቸው። ጸበሉን እየጠጡ ኪኒኑንም መዋጥ አለማመን እንዳልሆነ፣ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው የኤች.አይ.ቪ ቫይረስ በደማቸው ላለ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ማስተማራቸውን ነገርኋቸው። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ያ በስልኩ ውስጥ ያለው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

«አሁን የምትነግረኝም አንተ ነህ።»

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ ከሁለታችሁ የትኛውን ልመን?»

መልስ አጣሁ። ዝምታዬ ሲረዝምባቸው ያጽናኑኝ ጀመር። «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም ልጄ። የተማረ ይግደለኝ ብዬ ነው የሰማሁህ» አሉኝ። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፣ በስብከት ላይም ተጠቅሜበታለሁ። ዓይን ዓይኔን እያየ ለእኔው ሲነገረኝ ግን ትርጉሙ ሌላ ሆነብኝ። በፍቅር ነው የተናገሩት። በጣም ያመመኝም ያ ነው።

አምሳ ስምንት ሴኮንድ

ቁራጩን አውቀዋለሁ። በ2015 ዐቢይ ጾም አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጾም ጉባኤ ላይ አርባ ሰባት ደቂቃ አስተምሬ ነበር። ርዕሱ ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት ናት። ማርቆስ በምዕራፍ 5 እንደሚነግረን ይህች ሴት ከብዙ ባለመድኃኒቶች ብዙ ተሠቃይታለች፤ ገንዘቧን ጨርሳ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ከዚያ የልብሱን ጫፍ ነካች፣ ዳነች። ሙሉውን ትምህርት በራሴ የዩቲዩብ ገጽ አወጣሁት። በክረምቱ አንድ የማላውቀው ሰው ከመካከሉ አምሳ ስምንት ሴኮንድ ቆርጦ፣ በበገና አጅቦ፣ የጌታን ሥዕል ከጎኔ አድርጎ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። በዚያ ቁራጭ ውስጥ እኔ ደጋግሜ «መድኃኒቱ እርሱ ነው! ኪኒናችሁ እርሱ ነው!» እላለሁ። ከዚህ በቀር ሌላ ነገር የለበትም።

እኔ ያየሁት በ2016 መስከረም ነው። በማግሥቱ ማረሚያ ቀርጬ ለቀቅሁ፤ ትምህርቴ ያለ ቦታው እንደ ተቆረጠ ገለጽሁ፣ ሙሉውንም ስሙት አልሁ። አንድ ወዳጄ «ሥራህን ሠርተሃል፣ ተወው» አለኝና ተውሁት።

የረሳሁት ነገር ነበር። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ነበር። ቁራጩ ከመዘጋቱ በፊት ዓባይን ተሻግሯል፤ ማረሚያዬ ግን ወዲህ ማዶ ቀርቷል። እናቴ መንደር ዳታ ድሮም ብርቅ ነው። ሰዉ የሚሰማው የገበያ ቀን ሙዚቃ ቤት ሄዶ ሚሞሪ ካርዱን አስሞልቶ ነው። መዝሙሩም፣ ስብከቱም፣ ዘፈኑም በአንዲት ጥፍር በምታህል ካርድ ተጭኖ ይገባል። ከዚያ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ካርድ ላይ የገባውን ነገር ከአዲስ አበባ ሆኜ ላጠፋው አልችልም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። የዛሬው ቃል ከአፋፉም ወዲያ ወርዶ በየጎጆው ይገባል፤ አንድ ዓመት ሙሉም በየሌሊቱ በእማማ ትራስ ሥር ሲናገር አድሯል።

በሥርጭቱ ላይ ክፉ ለመናገር አይደለም። ቤሩትና ሪያድ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ ቃለ እግዚአብሔር ሰምተው እንዳደሩ እየጻፉልኝ አንብቤያለሁ፤ ለእነርሱ ከስልካቸው ሌላ ቤተ ክርስቲያን የለም። በጎጃምም መምህራን ከቦታ ቦታ መንቀሳቀስ ባልቻሉባቸው ወራት ያቺ ካርድ ብቻ ነበረች የምታስተምረው። አንድ ባልደረባዬ ሁልጊዜ የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 8 ይጠቅስልኛል። ፊልጶስ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ ሮጦ ደረሰ፤ የዛሬው ሠረገላ ስልክ ነው፣ እኛም እንሩጥ ይላል። እውነቱን ነው። ግን ፊልጶስ ሠረገላው ላይ ወጥቶ ከጃንደረባው ጋር ተቀመጠ። ጃንደረባው ጠየቀ፣ እርሱ መለሰ፣ አብረው እስከ ውኃው ድረስ ሄዱ። እማማ ግን የስልኩን ሰውዬ ምንም ሊጠይቁት አልቻሉም። አንድ ጥያቄ እንኳ ቢያገኙ ኖሮ ምን ብለው ይጠይቁት እንደ ነበር አሁን አውቃለሁ።

አሥራ አንድ ደቂቃ

ያን ሌሊት በእናቴ ቤት መደብ ላይ ተጋድሜ ሙሉውን ትምህርት ከስልኬ አወጣሁ። ስፈልግ የነበረው ማስረጃ ነው። ቆራጩ እንደ በደለኝ፣ የሐኪሙን ነገር እንደ ተናገርሁ፣ እርሱ ግን እንዳስቀረው ለራሴ ማረጋገጥ ፈልጌ ነበር።

ተናግሬዋለሁ። ቅዱስ ሉቃስ ራሱ ባለመድኃኒት እንደ ነበር፣ ጳውሎስም በቆላስይስ መልእክቱ «የተወደደው ባለመድኃኒት» እንዳለው፣ የዚህችንም ሴት ታሪክ ሉቃስ በወንጌሉ እንደ ጻፈ፣ ስለዚህ ወንጌል ሐኪምን እንደማይጠላ፣ ሁሉንም ተናግሬዋለሁ። ጥሩ አድርጌም ነው የተናገርሁት። የተናገርሁት ግን «ኪኒናችሁ እርሱ ነው» ካልሁ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ነው።

ወደ ኋላ መልሼ እንደገና ሰማሁት። «መድኃኒቱ እርሱ ነው» ስል አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ደገምሁት። እልልታው ጨመረ። ሦስተኛ ጊዜ ስለው «ኪኒናችሁ» የምትለዋን ቃል ጨመርሁባት። በማስታወሻዬ ላይ አልነበረችም፤ እልልታው ነው ከአፌ ያወጣት። ድምፄን ሰማሁት፤ ደስ ብሎኛል። ስለ ሉቃስ ስናገር ግን አዳራሹ ዝም ብሏል፣ አንድ ሰው ሲያስል ይሰማል፣ እኔም ቶሎ ቶሎ ብዬ አልፌዋለሁ።

ቆራጩ የሠራው ነገር ቢኖር እልልታ ያለበትን ቦታ መምረጥ ነው። ከእርሱ በፊት የመረጥሁት እኔ ነኝ።

በልጅነቴ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ። ቀን በየመስኩና በየዛፉ ሥር ተበትነን ቅኔ ስንቆጥር እንውልና ማታ የኔታ ዘንድ ቀርበን እንነግራለን። አንድ ምሽት አንድ ጓደኛችን ጉባኤ ቃና ነገረ። ዜማው የሚያምር፣ ድምፁም የታደለ ልጅ ነበር። ሁላችንም «ይበል! ይበል!» አልን። የኔታ ጠበቁን፣ ጠበቁንና «ይበል ያላችሁት ዜማውን ነው። ምሥጢሩ ወድቋል፤ ሰሙ አንድ መንገድ ወርቁ ሌላ መንገድ ሄዷል» አሉ። ልጁን እዚያው አስቀምጠው ቃል በቃል እያነሡ አቃኑለት። ተናጋሪው፣ አራሚውና ሰሚው በአንድ ጎጆ ውስጥ ነበርን፤ የተሳሳተችው ቅኔ ከዚያች ጎጆ ደጅ ሳትወጣ ተቃናች። ደግሞም ቅኔ ለዕለቱ ነው፤ ያደረ ቅኔ ይዞ የመጣ ተማሪ አይከበርም። የእኔ ቃል ግን ዓመት አድሮም ገና ትኩስ መስሎ ይሰማል።

ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ

ሌሊቱን እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ሐሳቤ ወደ መጻሕፍቱ ሄደ። ጎጃም የመጻሕፍት አገር ነው። የዲማ ጊዮርጊስንም ሆነ የመርጡለ ማርያምን ስም ጠርቶ ብራናን አለማሰብ አይቻልም። ብራና ላይ ጸሐፊ ሲሳሳት በቢላ ይፍቀዋል፤ የዘለለውን ቃል ከመስመሩ በላይ ወይም በኅዳጉ ላይ በደቃቁ ጽፎ ምልክት ያደርግበታል። ስሕተቱና እርማቱ በአንድ ገጽ ላይ ይኖራሉ፤ ገጹን የገለጠ ሁለቱንም ያያል። እኔም የመጀመሪያዋን ትንሽ መጽሐፌን ሳሳትም አንድ ጥቅስ በተሳሳተ ምዕራፍ ወጥቶ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ሦስት ማታ ተቀምጠን በየቅጂው ውስጥ የእርማት ወረቀት በእጃችን አስገባን። ያን ጊዜ አድካሚ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እድለኛ ነበርሁ፤ መጽሐፎቹ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ።

በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የሚጻፈውን ጸሎት ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ፣ ለዘአንበቦ ወለዘተርጐሞ፣ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ ኅቡረ ይምሐሮሙ እግዚአብሔር።» የጻፈው፣ ያስጻፈው፣ ያነበበው፣ የተረጐመው፣ ቃሉን የሰማው፣ ሁሉም «ኅቡረ»፣ በአንድነት ምሕረት ይለመንላቸዋል። አጠገቡ ደግሞ ውግዘት አለ፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ»፣ የሰረቀውና የፋቀው። አባቶች መጽሐፍ ሲጽፉ እነዚህን ሁሉ ሰዎች አስበዋቸዋል። እኔ ካሜራ ፊት ስቆም ያሰብሁት አዳራሹን ብቻ ነው። ያችን ከብቸና ወዲያ ስልክ ትራሷ ሥር አድርጋ የምትተኛ ሰሚ አላሰብኋትም። «ኅቡረ» የምትለዋን ቃል ለስንት ዓመት በቃሌ ይዣት ኖሬያለሁ፤ የገባችኝ ግን ያን ሌሊት ነው። እማማ የሰሙት የእኔን ቃል ከሆነ በፍርድም ፊት ከእኔ ጋር ናቸው።

ከእኛው ጎጃም የወጣውን አባ አብርሃምንም አሰብሁ፤ ፈረንጆቹ አቡ ሩሚ የሚሉትን። ካይሮ ላይ አስሊን ደ ሸርቪል በተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ሰው ቤት በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ እየተቀመጠ፣ አሥር ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ። በእነዚያ ቀናት ደጁ ለእንግዳ ይዘጋ ነበር። ጥቅሱን በዝግታ ያነብባሉ፤ ያልጠራላቸውን ቃል ከዕብራይስጡ፣ ከሱርስቱ፣ ከሰብዓ ሊቃናቱ ያመሳክራሉ። ሥራው ሲያልቅ ከ9 ሺህ 500 ገጽ በላይ ሆነ። አባ አብርሃም በ1819 እ.ኤ.አ. እዚያው ካይሮ በወረርሽኝ ሞተ፤ አራቱ ወንጌላት ለንደን ታትመው የወጡት በ1824 ነው። አንዲት የታተመች ገጽ አላየም። አንድ እልልታ አልሰማም። እኔ ደግሞ ለአንዲት ቃል ሦስት እልልታ ሰምቼባት፣ ያችው ቃል ሰው ኪኒን አስጣለችብኝ።

ጤና ጣቢያው

በማግሥቱ እማማን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሱ መለኪያውን ክንዳቸው ላይ አስሮ ነፋ፣ አየ፣ ምንም ሳይል ፈታው። በሌላው ክንዳቸው ደግሞ ለካ። ከላይ 190፣ ከታች 110። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያቆሙት?» አላቸው። እማማ ወደ እኔ ዞሩ። ሊከሱኝ አልነበረም፤ ሊናገሩ ይገባል አይገባ እንደሆነ በዓይናቸው ጠየቁኝ። በእኔ ምክንያት እንዳቆሙ ራሴ ነገርሁት። ነርሱ ወጣት ነው፤ ቀና ብሎ አየኝና ድምፄን ያወቀው መሰለኝ። ምንም አላለኝም። ኪኒኑን ሰጥቶ፣ መቼ እንደሚዋጥ ለእርሳቸው ነገራቸውና ለእኔም ደገመልኝ።

ስንመለስ እማማ መንገድ ላይ ቆመው አንዷን ኪኒን በውኃ ዋጡ። አማተቡ። ከዚያ፣

«እኔን አገኘኸኝ ልጄ» አሉኝ፤ «ከወንዙ ማዶ ያሉትንስ? ያን ሰውዬ ዝም አሰኝልኝ።»

ሙዚቃ ቤት

የገበያ ቀን ብቸና ወርጄ ሚሞሪ የሚሞላበትን ቤት ፈለግሁ። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የምትሆን ቆርቆሮ ቤት ናት። ወጣቱ ልጅ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ድምፅ ማጉያና በካርድ የተሞላ የከረሜላ ቆርቆሮ አለው። ቁራጩን ስከፍትለት ሳቅ አለና «መምህር፣ አንተ ነህ እንዴ? ይኼን እኮ ሰው ይወደዋል!» አለኝ። እንዲያጠፋው ለመንሁት፣ ምክንያቱንም ነገርሁት። ሳቁ ጠፋ። የእርሱም እናት ስኳር እንዳለባቸው ነገረኝ፤ ከኮምፒውተሩ ወዲያው አጠፋው። «ግን መምህር፣ ለደብረ ወርቅ ልጆች ሰጥቻቸዋለሁ፣ ለሞጣም ሄዷል» አለ።

ሙሉውን አርባ ሰባት ደቂቃ እንዲጭንልኝ ሰጠሁት። ራሱን ነቀነቀ። ሰው አጭር ነው የሚፈልገው፣ ረጅሙን ይዘልሉታል፣ ካርዱም ይሞላል አለኝ። አልተከራከርሁትም፤ የሚያውቀውን ነው የነገረኝ። እዚያው ደጃፉ ላይ፣ በግ ከሚሸጡት ሰዎች ጫጫታ መካከል ቆሜ አዲስ ልቀርጽ ወሰንሁ።

ያን ጊዜ ነው የኔታና ያቺ ጉባኤ ቃና የመጡልኝ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። ሰሟን ከወርቋ ለይተህ ልውሰድ ብትል እጅህ ላይ ምንም አይቀርም። ስብከትም እንደዚያ ሊሠራ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ ሐሳቡን እዘረጋና እርማቱን፣ ማስተካከያውን፣ «ይሁን እንጂ» የሚለውን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይጠብቀኛልና። ካርድ የያዘ ሰው ግን አይጠብቀኝም፤ መቀስ የያዘውም አይጠብቀኝም። ስለዚህ ማስተካከያው ከዋናው ቃል ጋር በአንድ እስትንፋስ መውጣት አለበት።

አራት ጊዜ ቀረጽሁ። ሦስቱን ጣልሁ፤ በሦስቱም ውስጥ ሊቆረጥ የሚችል ቦታ ስላገኘሁ። ልጁም ሥራውን ትቶ ያዳምጠኝ ነበርና «እዚህ ጋ መምህር፣ እዚህ ጋ ከተቆረጠ ያው የድሮው ይሆናል» እያለ አሳየኝ። ለካስ ከእኔ የተሻለ አራሚ ነበረው ብቸና። በአራተኛው እንዲህ አልሁ፦ «ኪኒንሽን ስትውጪ አማትቢ፣ ጸበልሽን ስትጠጪ ኪኒንሽን አትርሺ፣ ሁለቱንም የሰጠሽ አንድ እግዚአብሔር ነው።» አርባ ሴኮንድ ያህል ነው። በገና የለበትም፤ ከጀርባው በግ ሲጮኽ ይሰማል።

ልጁ ወዲያው ከፊቱ በነበሩ ስድስት ካርዶች ላይ ጫነው። ገንዘብ ልሰጠው ብል እንቢ አለ። የደብረ ወርቅና የሞጣ ልጆች ለገበያ ሲመጡ እንዲወስዱት አደርጋለሁ አለኝ። ስማቸውን በእጁ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈ።

ወጥቼ ወደ መናኸሪያው ስሄድ አንድ ባጃጅ ከኋላዬ መጣ። መስታወቱ ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተለጥፏል፤ ድምፅ ማጉያው ከፍ ብሏል። በገና ሰማሁ። ከዚያ የራሴን ድምፅ። እልልታው ገና አልደረሰም። እጄን አነሣሁ፤ ባጃጁ ቆመ።